ነጩ ቦሎቄ ለምን አያልቅም? ዘር ውርስን በእጅ እየቆጠሩ የመማሪያ መመሪያ

አራት ኪሎ አካባቢ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ባዮሎጂ አስጠናለሁ። ዘረመል ላይ ስንደርስ በየዓመቱ ያው ጥያቄ ይመጣል። «ቲቸር፣ ሪሴሲቩ አሊል በሽታ የሚያመጣ ከሆነ እስካሁን ለምን አልጠፋም?» ከኋላው ደግሞ መንትያው ይከተላል። «ዶሚናንቱስ የሚያሸንፍ ከሆነ ለምን ሁሉም ሰው ዶሚናንት አልሆነም?» አሊል ማለት አንድ ጂን ካሉት መልኮች አንዱ ነው፤ ከእናት አንድ፣ ከአባት አንድ እንወርሳለን። ዶሚናንቱ አንድ ብቻውንም ቢሆን ይታያል፤ ሪሴሲቩ የሚታየው ሁለት ሲሆን ብቻ ነው።

በቃል ስመልስ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። ሳምንት ሳይሞላ ጥያቄው ይመለሳል። ስለዚህ ማስረዳቱን ቀነስኩና ቦሎቄ ማስቆጠር ጀመርኩ። ከዚህ በታች ያለው የዚያ ቆጠራ አሠራር ነው። ሁለት ሆናችሁ ብትሠሩት ይሻላል፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይመዘግባል። ከምሳ በኋላ ብትጀምሩ እስከ ማታ ትጨርሳላችሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ነጭ ቦሎቄ፣ 160 ፍሬ። ሩብ ኪሎ ብትገዙ መርጣችሁ ይተርፋችኋል። መርካቶ እህል በረንዳ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ የሰፈር ሱቅ ይበቃል።
- የማይለቅ ቀይ ማርከር።
- ውስጡ የማያሳይ ከረጢት። ረዥም ካልሲም ይሆናል፣ ከታጠበ።
- ሁለት የቡና ሲኒ።
- ሦስት ሳህን።
- ጠረጴዛው ላይ የሚነጠፍ ወፍራም ጨርቅ። ቦሎቄ ሲወድቅ ይፈናጠራል፤ አንድ ፍሬ ከጠፋ ደግሞ ሒሳቡ ሁሉ ይበላሻል።
- ደብተር፣ እርሳስ፣ ካልኩሌተር።

ከ160ው ፍሬ 100ውን ቀይ ቀቡና እስኪደርቅ ጠብቁ። «ቀይ ቦሎቄ ገበያ ላይ እያለ ለምን እንቀባለን?» ትሉኛላችሁ። ምክንያቱም ገበያ ላይ ያለው ቀይና ነጭ ብዙ ጊዜ መጠኑ ይለያያል። እጅ ደግሞ ተንኮለኛ ነው። አንድ ጊዜ ተማሪዎቼ ሽምብራና ቦሎቄ ቀላቅለው መጡ። ትልቁ ፍሬ በየዙሩ ቀድሞ ይወጣ ነበር። ማንም ሆን ብሎ አላጭበረበረም፤ ጣት ራሱ መረጠ። የዚህ ሥራ መሠረቱ ዕድል ነው። ጣት ከመረጠ የምትለኩት ዘር ውርስን ሳይሆን የጣታችሁን ምርጫ ይሆናል።

ከመጀመራችሁ በፊት ተጠንቀቁ

ጥሬ ቦሎቄ አይቃምም። በደንብ ሳይቀቀል ከተበላ ሆድ ክፉኛ የሚያውክ ሌክቲን የሚባል ፕሮቲን አለው። የተረፈውን ያልተቀባ ፍሬ ንፍሮ ማድረግ ትችላላችሁ፤ ግን ዘፍዝፋችሁ አብዝታችሁ ቀቅሉት። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ቶሎ የማይበስለውም ለዚህ ነው። የተቀባው ፍሬ ግን ወደ ድስት አይገባም።

ትንንሽ ልጆች ካሉ አርቁላቸው። ቦሎቄና የሕፃን አፍንጫ ይዋደዳሉ።

ሦስተኛው ዋነኛው ነው። እዚህ የምትማሩትን ይዛችሁ ቤታችሁ ውስጥ «የእኔ አባት ማነው?» የሚል ምርመራ እንዳትከፍቱ። ምላስ መጠቅለል፣ የጆሮ ጫፍ መጣበቅ፣ የዓይን ቀለም በትምህርት ቤት በአንድ ጂን የሚወሰኑ ተደርገው ይነገራሉ። በእውነቱ ግን እንደዚያ ቀላል አይደሉም። ምላሱን የማይጠቀልል እናትና አባት የሚጠቀልል ልጅ ሊወልዱ ይችላሉ። በዚህ ምክንያት ቤት የበጠበጠ ተማሪ አጋጥሞኛል።

1. ለአሊሎቹ ስም ስጡ

ቀዩ ፍሬ «ቀ»፣ ነጩ ፍሬ «ነ» ይባል። ቀ ዶሚናንት ነው። ነ ሪሴሲቭ ነው፣ ሁለት ሲሆን በሽታ ያመጣል እንበል።

አንድ ፍሬ አንድ አሊል ነው። ሁለት ፍሬ አንድ ሰው ነው። ይህንን ደብተራችሁ አናት ላይ በትልቁ ጻፉት፤ ከሚመጡት ስሕተቶች ግማሹ እዚህ ላይ ነው የሚወለደው።

ስለዚህ ሦስት ዓይነት ሰው ይኖረናል። ቀቀ ጤነኛ ነው። ቀነ ጤነኛ ነው፣ ግን ነጭ ይዟል፤ ተሸካሚ ይባላል። ነነ ታማሚ ነው። ቀቀና ቀነ መንገድ ላይ ብታገኟቸው አትለዩአቸውም። ጂኖታይፓቸው፣ ማለትም የያዙት አሊል፣ ይለያያል፤ ፊኖታይፓቸው፣ ማለትም ከውጭ የሚታየው፣ አንድ ነው።

ፈተና ላይ ትልቅና ትንሽ የላቲን ፊደል ትጠቀማላችሁ። እዚያ ስትመርጡ ትልቁና ትንሹ የማይመሳሰል ፊደል ምረጡ። ኤ፣ ቢ ወይም አር ይሻላሉ። ሲ፣ ኤስ እና ደብልዩ ግን በችኮላ ሲጻፉ ትልቁ ከትንሹ አይለይም። በገዛ የእጅ ጽሑፉ ተሳስቶ ነጥብ የጣለ ተማሪ ብዙ ነው።

2. መጀመሪያ አንድ ቤተሰብ ሥሩ

በእያንዳንዱ ሲኒ አንድ ቀይና አንድ ነጭ አድርጉ። አንዱ ሲኒ እናት፣ ሌላው አባት ነው። ሁለቱም ተሸካሚ ናቸው። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ከየሲኒው አንድ አንድ ፍሬ አውጡ። የወጡት ሁለት ፍሬዎች የመጀመሪያው ልጅ ናቸው። መዝግቡና ፍሬዎቹን ወደየሲኒያቸው መልሱ። እንዲህ አድርጋችሁ አራት ልጅ «ውለዱ»።

አብዛኛው ተማሪ እዚህ ላይ ሦስት ጤነኛና አንድ ታማሚ ይጠብቃል፤ 3 ለ 1 ተብሎ ተምሯላ። በአራት ልጅ ልክ 3 ለ 1 የመምጣት ዕድሉ ግን 42 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። አንድም ታማሚ ያለመኖር ዕድሉ ራሱ 32 በመቶ ይደርሳል። ማረጋገጥ የሚፈልግ ሦስት አራተኛን አራት ጊዜ ጽፎ እርስ በርስ ያባዛ። ውጤቱ 81 ÷ 256 ነው።

ፍሬውን የምትመልሱት ወላጅ አሊሉን አንዴ ሰጥቶ ስለማይጨርስ ነው። የመጀመሪያው ልጅ ታማሚ ሆነ ማለት ሁለተኛው ዳነ ማለት አይደለም። ለእያንዳንዱ ልጅ ዕድሉ እንደገና አንድ አራተኛ ነው። ካልመለሳችሁት ሁለተኛው ልጅ በመጀመሪያው ይወሰናል፤ ይህ ደግሞ በተፈጥሮ የሌለ ነገር ነው።

አሁን እስከ 40 ልጅ ቀጥሉ። ከ40ው ታማሚው 10 አካባቢ ይሆናል። ከ5 እስከ 15 ከመጣ አትደንግጡ። ከዚያ ከወጣ ግን ጣታችሁን ጠርጥሩ።

የሁለቱን ወላጆች አሊሎች የምታጣምሩበት ሠንጠረዥ፣ የፐኔት ስኩዌር፣ አራቱ ሳጥኖቹ አራት ልጆች አይደሉም። ለአንድ ልጅ ያሉት አራት እኩል ዕድሎች ናቸው።

3. ከቤተሰብ ወደ ሕዝብ እለፉ

ሲኒዎቹን አንሱ። ከረጢቱ ውስጥ 50 ቀይና 50 ነጭ ጨምሩ። ይህ 50 ሰው ያለበት ሕዝብ የአሊል ክምችት ነው። የነጩ ድርሻ 0.5 ነው። ድርሻ የምለው መጽሐፋችሁ ፍሪኩዌንሲ የሚለውን ነው። የቀዩን ድርሻ ፒ፣ የነጩን ኪው እንላለን። ሁለቱ ሲደመሩ ሁልጊዜ 1 ይሆናሉ።

ከረጢቱን በደንብ አማስሉት። መነቅነቅ ብቻ አይበቃም፤ እጅ አስገብታችሁ ከታች ወደ ላይ ገልብጡት። መጨረሻ የገባው ከላይ ከቀረ መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ይሆናል።

4. ምንም ሳታስወግዱ አንድ ዙር አጣምሩ

ሳታዩ ሁለት ሁለት ፍሬ አውጡ። ቀቀን በአንድ ሳህን፣ ቀነን በሌላ፣ ነነን በሦስተኛው አስቀምጡ። እዚህ ላይ ፍሬ አይመለስም። እያንዳንዱ ፍሬ ወደ አንድ ልጅ የገባ አንድ አሊል ስለሆነ ሌላ ልጅ ውስጥ ሊደገም አይችልም። ከረጢቱ ባዶ እስኪሆን ቀጥሉ።

ቀቀ 12 ወይም 13፣ ቀነ 25 አካባቢ፣ ነነ 12 ወይም 13 ትጠብቃላችሁ። ቀነ ከ18 እስከ 32 ቢሆን ችግር የለውም።

ማንም የማይነግራችሁ አንድ ማጣሪያ አለ። በከረጢቱ ያለው ነጭ ተጋማሽ ቁጥር ከሆነ የቀነ ቁጥር የግድ ተጋማሽ ነው። ነጩ ኢተጋማሽ ከሆነ ቀነም ኢተጋማሽ ይሆናል። እዚህ ነጩ 50 ነው። ስለዚህ 25 ቀነ አገኘን ካላችሁ ቆጠራው ተሳስቷል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በነነ ውስጥ ያሉ ነጮች ሁልጊዜ በጥንድ ናቸው፣ የሚተርፈው ወደ ቀነ ይሄዳል። እኔ የተማሪን ውጤት የማርመው በዚህ ነው። ከሩቅ ሆኜ «እንደገና ቁጠሩ» ስላቸው ጠንቋይ እመስላቸዋለሁ።

አሁን በሳህኖቹ ላይ ያሉትን ነጮች በሙሉ ደምሩ። ያው 50 ናቸው። ቀዩ ዶሚናንት ስለሆነ አንድም ነጭ አልቀነሰም። የሁለተኛው ጥያቄ መልስ እዚህ ጋ ነው። ዶሚናንት መሆን አንድ አካል ውስጥ የትኛው እንደሚታይ ይናገራል። በሕዝብ ውስጥ የትኛው እንደሚበዛ አይናገርም። ሃርዲ-ዋይንበርግ የምትሉት ሕግም መነሻው ይኸው ነው፤ የሚያንቀሳቅሰው ነገር ከሌለ ድርሻው ባለበት ይቆያል።

«ነጩ 50 ሆኖ ስለቀረ ሕጉን በሙከራ አረጋገጥን» ብላችሁ ግን እንዳትጽፉ። ያስገባችሁትን ፍሬ መልሳችሁ ቆጠራችሁ፤ ሌላ ቁጥር ከየት ይመጣል? ልታነጻጽሩ የሚገባው ሦስቱ ሳህኖች ወደ 1 ለ 2 ለ 1 መቅረባቸውን ነው።

5. አሁን ነነን አስወግዱ

የተፈጥሮ ምርጫን እናስገባ። ነነ ሆኖ የተወለደ ሁሉ ሳይወልድ ይሞታል እንበል። ከዚህ የከፋ ጭካኔ የለም፤ ሪሴሲቩን ለማጥፋት ከዚህ የተሻለ ዕድልም የለም።

የነነን ሳህን ወደ ጎን አድርጉ። የቀሩትን ቁጠሩ። በምሳሌ ላሳያችሁ። ቀቀ 13፣ ቀነ 24፣ ነነ 13 ወጣላችሁ እንበል። 13ቱ ነነ ሲወገዱ 37 ሰው ቀረ። 37 ሰው 74 አሊል አለው። ከ74ቱ ነጩ ስንት ነው? ቀነ ውስጥ ያለው ብቻ፣ ማለትም 24። ስለዚህ ኪው = 24 ÷ 74 = 0.32 ነው።

አሁን ከረጢቱን እንደገና ወደ 100 ሙሉት። 32 ነጭ፣ 68 ቀይ። ይህ ሁለተኛው ትውልድ ነው። እንደገና አማስሉ፣ አጣምሩ፣ ነነን አውጡ፣ አስሉ፣ ሙሉ። ስምንት ዙር ሂዱ።

በየዙሩ ወደ 100 መመለስ አሰልቺ ነው፤ ሁሉም ይህንን መዝለል ይፈልጋል። አትዝለሉት። ካልሞላችሁ ሕዝቡ በየዙሩ እያነሰ ይሄዳል። ትንሽ ሕዝብ ውስጥ ደግሞ ድርሻው በዕድል ብቻ ይዘላል። ያኔ ያያችሁት ለውጥ ከምርጫ ይምጣ ከዕድል መለየት አትችሉም። ዕድሉን ለብቻው 8ኛው ላይ እናየዋለን።

በየዙሩ የነጩ ቁጥር ወደዚህ ይጠጋል፦ 50፣ 33፣ 25፣ 20፣ 17፣ 14፣ 13፣ 11፣ 10። የእናንተ ዝቅ ከፍ ይላል፤ አካሄዱን እዩ። የመጀመሪያው ዙር 17 ፍሬ ጣለ። የመጨረሻው አንድ ብቻ። የምታስወግዱበት ጭካኔ ግን አልተለወጠም፤ ያው ሁሉንም ነነ ነው የምትገድሉት።

ግራፍ ሥሩለት። ታችኛው መስመር ዙር፣ የቁሙ የነጩ ድርሻ። መጀመሪያ ቁልቁል ይወርዳል፣ ከዚያ ይተኛል።

6. ነጩ የተደበቀበትን ቦታ ፈልጉ

ስምንተኛው ዙር አልቆ ከረጢቱ 10 ነጭና 90 ቀይ ሲይዝ ቁሙ። ከማጣመራችሁ በፊት ገምቱ፤ ከ50 ሰው ስንቱ ነነ ይሆናል?

0.1 × 0.1 = 0.01 ነው። ከ100 ሰው አንድ ማለት ነው፤ ከ50 ደግሞ ግማሽ። ስለዚህ ብዙ ጊዜ አንድም ነነ አይወጣም። ተሸካሚውስ? 2 × 0.9 × 0.1 = 0.18፤ ከ50 ሰው 9። አጣምሩና እዩት። ነጮቹ በሙሉ ማለት ይቻላል ቀነ ሳህን ላይ፣ ከቀይ ጋር ተቃቅፈው ተቀምጠዋል። ምርጫው የሚገድለው የሚታየውን ነው። ነጩ ደግሞ አይታይም።

አሊሉ ባነሰ ቁጥር መደበቂያው ይሻሻላል። ኪው 0.1 ሲሆን ከነጮቹ 90 በመቶው ተሸካሚ ውስጥ ነው። 0.01 ሲሆን 99 በመቶው። ያኔ ታማሚው ከ10,000 ሰው አንድ ነው፤ ተሸካሚው ግን ከ50 ሰው አንድ ገደማ። ሙሉ ታክሲ አራት ጊዜ ብትሳፈሩ አብሯችሁ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ሥራ አንድ አጭር ቀመር አለ። ነነ ሁሉ ሲወገድ አዲሱ ኪው የድሮው ኪው ለ (1 + የድሮው ኪው) ሲካፈል ነው። በዚህ ብትሄዱ ድርሻውን ከ0.5 ወደ 0.25 ለማውረድ 2 ትውልድ ይበቃል። ከ0.1 ወደ 0.05 ለማውረድ 10 ትውልድ። ከ0.01 ወደ 0.005 ደግሞ 100 ትውልድ። በሰው አንድ ትውልድ 25 ዓመት ቢባል 2,500 ዓመት ነው፤ ያውም ግማሹን ለመቀነስ ብቻ። በዚያ ላይ ሚውቴሽን፣ ማለትም በጂን ላይ በአጋጣሚ የሚመጣ ለውጥ፣ አልፎ አልፎ አዲስ ነጭ ያስገባል። ብሔራዊ ሙዚየም ሄዳችሁ የድንቅነሽን 3.2 ሚሊዮን ዓመት ስታነቡ ይቺን ሒሳብ አስታውሱ።

7. ወባ አስገቡ

አንዳንድ ጊዜ ነጩ ተደብቆ መኖር ብቻ ሳይሆን ይፈለጋል። ሲክል ሴል፣ የቀይ ደም ሕዋስን ቅርጽ የሚያበላሸው የዘር በሽታ፣ የታወቀው ምሳሌ ነው። ሁለት ሲክል ሴል አሊል ያለው ሰው በጠና ይታመማል። አንድ ብቻ ያለው ግን ከከባድ ወባ በተሻለ ይጠበቃል። ሁለቱም መደበኛ የሆነለት ሰው ወባ ባለበት አገር ይጎዳል።

ከረጢቱን ወደ 50 ለ 50 መልሱ። አሁን በየዙሩ ሁለት ነገር አድርጉ። ነነን ሁሉ አስወግዱ፤ ከቀቀ ደግሞ ከየአምስቱ አንዱን አስወግዱ። አምስት ያልሞላውን ትርፍ ተዉት። ቀነ አይነካም። «ከአምስት አንድ» እኔ ለጨዋታው የመረጥኩት ቁጥር ነው፤ የወባ ስታቲስቲክስ ብላችሁ እንዳትጠቅሱት።

ነጩ 50፣ 36፣ 29፣ 25፣ 23 እያለ ይወርድና 17 አካባቢ ይቆማል። ከዚያ አይወርድም።

አላመናችሁም? ከታች ጀምሩት። 5 ነጭና 95 ቀይ አድርጉ። አንድም ነነ ካልወጣ ቀነ 5፣ ቀቀ 45 ይሆናል። ከ45ቱ 9 ይወገዳል። 41 ሰው፣ 82 አሊል ቀረ። 5 ÷ 82 = 0.06። ነጩ 6 ሆነ። ቀጣዩ ዙር 7፣ ከዚያ 8። በሽታ የሚያመጣው አሊል እየጨመረ ነው! ክፍሉ ሁልጊዜ የሚንጫጫው እዚህ ጋ ነው።

አሁን ወባውን አንሱ፤ ቀቀን መቀነስ ተዉ። ደጋ ወጣችሁ ማለት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ የወባ ቦታ አይደለችም። ያው ከረጢት ወደ 5ኛው ደረጃ ይመለስና ነጩ መውረድ ይጀምራል። አሊሉ አልተለወጠም። አካባቢው ተለወጠ። «ጥሩ አሊል ነው መጥፎ?» የሚለውን ጥያቄ ከቦታው ነጥላችሁ አትመልሱት።

8. ዕድልን ለብቻው እዩት

ይህ ጄኔቲክ ድሪፍት የሚባለው ነው። ከረጢቱን ባዶ አድርጉና 5 ቀይና 5 ነጭ ብቻ ጨምሩ። አንድ ፍሬ አውጡ፣ መዝግቡ፣ መልሱ። አሥር ጊዜ ድገሙት። 6 ቀይና 4 ነጭ ከተመዘገበ አዲሱ ከረጢት 6 ቀይና 4 ነጭ ይሁን። ከአንዱ ቀለም ምንም እስኪጠፋ ቀጥሉ።

ብዙ ጊዜ አሥር አሥራ አምስት ዙር አካባቢ አንዱ ቀለም ይጠፋል፤ አንዳንዱ በአምስት ያልቃል፣ አንዳንዱ ከሃያም ያልፋል። ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ መናገር አይቻልም። ማንንም አላስወገዳችሁም፤ ግን አሊል ጠፋ። የጠፋው ደካማ ስለሆነ አይደለም፣ ሕዝቡ ትንሽ ስለሆነ ነው። ሁለት ሦስት ቡድን ካላችሁ ውጤታችሁን ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ አንዱ ጋ ቀይ፣ ሌላው ጋ ነጭ ቀርቶ ልታገኙ ትችላላችሁ።

9. ወደ ፈተና ወረቀት አሻግሩት

ጥያቄው እንዲህ ይመጣል እንበል። «ሃርዲ-ዋይንበርግን በሚከተል ሕዝብ 16 በመቶው ሪሴሲቭ ባሕርይ ያሳያል። ተሸካሚው ስንት በመቶ ነው?»

ሁልጊዜ ከነነ ጀምሩ። ከውጭ አይታችሁ ጂኖታይፑን በእርግጠኝነት የምታውቁት ሰው እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። ነነ = ኪው² = 0.16። ሥሩን አውጡ፣ ኪው = 0.4። ፒ = 0.6። ተሸካሚ = 2 × 0.6 × 0.4 = 0.48፣ ማለትም 48 በመቶ።

ወጥመዱ ቀጥሎ ነው። «ከጤነኞቹ መካከል ተሸካሚው ስንት ነው?» ቢል መልሱ 48 አይደለም። ጤነኛው 84 በመቶ ስለሆነ 0.48 ÷ 0.84 = 0.57፣ 57 በመቶ ነው። ነነ ሳህን ወደ ጎን ተነሥቶ የቀረውን ብቻ እንደቆጠራችሁት ማለት ነው። ጥያቄው ውስጥ «ከጤነኞቹ» የሚል ቃል ካለ አስምሩበት።

ደጋግሜ የማያቸው ስሕተቶች

16 በመቶውን ራሱን ኪው ማድረግ። 16 በመቶው ሰው ነው፣ ኪው ፍሬ ነው። ሥር ሳይወጣ ከሰው ወደ ፍሬ አይኬድም።

ከ84 በመቶው ጀምሮ ሥር ማውጣት። 84ቱ ውስጥ ቀቀም ቀነም አለ፤ ፒ² ብቻ አይደለም።

ነነ ከተወገደ በኋላም ለ100 ማካፈል። የቀሩት 74 አሊል ከሆኑ አካፋዩ 74 ነው።

2ኛውና 8ኛው ላይ ፍሬ መመለስ መርሳት፣ ወይም 4ኛው ላይ መመለስ። ይህን የሚያምታታ ብዙ ነው። ወላጅ ወይም ሕዝቡ ደጋግሞ የሚሰጥ ከሆነ ይመለሳል፤ እያንዳንዱ አሊል አንድ ልጅ ውስጥ ገብቶ ከቀረ አይመለስም።

«ቦሎቄው ለመትረፍ ብሎ ተደበቀ» ብሎ መጻፍ። እኔም ከላይ ተደበቀ ብያለሁ፤ ለወሬ ያምራል። በፈተና መልስ ላይ ግን አሊል አያስብም፣ አይፈልግም፣ አያቅድም። «በሄትሮዛይገስ ግለሰቦች ውስጥ ስለማይታይ ምርጫው አያገኘውም» በሉ። ሄትሮዛይገስ የኛ ቀነ ነው።

አንድ ዙር ብቻ ሠርቶ መደምደም። ቢያንስ ሁለቴ ድገሙት፣ ወይም የሌላ ቡድን ውጤት ጨምሩ።

የት እንደምትሠሩት ደግሞ አስቡበት። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቅርብ ነው፣ ምቹም ነው፤ ለ9ኛው ደረጃ ሂዱ። መቶ ቦሎቄ ሳህን ላይ ሲዘረገፍ የሚያሰማውን ድምፅ ግን እዚያ አታሰሙ።

ስትጨርሱ ቀዩን 100፣ ነጩን 60 ቆጥራችሁ ለየብቻ አስቀምጡ። ቁጥሩ ካልሞላ ከጨርቁ ሥርና ከካልሲው ጫፍ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ የሚጠፋው አንድ ነጭ ነው።